በወንድና በሴት ነቀዝ መካከል የሽታ ጂን ልዩነትን እንዴት መለካት ይቻላል?

የበቆሎ ነቀዝ እህሉንም ጓደኛውንም አሽትቶ የሚያገኘው በአንቴናው ነው። የትኛው የሽታ ጂን በየትኛው ጾታ በርትቶ እንደሚሠራ ማወቅ፣ የተሻለ ወጥመድ ለመሥራት መንገድ ይከፍታል። ሪል ታይም ፒሲአር (የጂን ቅጂዎችን በየዙሩ እያባዛ የሚለካ ማሽን) ያለው ላቦራቶሪ ካገኛችሁ ሥራው ይቻላል።

መጀመሪያ ያልተጋቡና እኩያ ነቀዞች ያዘጋጁ። ከተነቀዘ በቆሎ ላይ የሚርመሰመሱትን ነፍታችሁ አስወግዱ፤ ፍሬውን አንድ በአንድ በብልቃጥ አስቀምጡ። በ27 ዲግሪ ገደማ ከእንቁላል እስከ ጉልምስና 5 ሳምንት ያህል ይፈጃል። በየቀኑ እዩ፤ ከአንድ ፍሬ ሁለት ሊወጡ ይችላሉ።

አሁን ዋናው ጣጣ፦ ጾታ መለየት። ነቀዙ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በዓይን አይሞከርም። የእጅ ማጉያ መነጽርም ዓይን ከማድከም በቀር አይረባም፤ ማይክሮስኮፕ ፈልጉ። ነቀዙን በረዶ ላይ አደንዝዙና ኩምቢውን ከጎን እዩት። የወንዱ አጠር፣ ወፈር ያለና ሻካራ ነው፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ይበዛበታል። የሴቷ ረዘም፣ ቀጠን ያለና የሚያብረቀርቅ ነው። ረጅም የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ፍሬውን በኩምቢዋ ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያ ሙጫ በሚመስል ነገር ትደፍነዋለች።

ርዝመቱን ብቻ አትመኑ። ትልቅ ወንድ ከትንሽ ሴት ሊረዝም ይችላል። እኔ መጀመሪያ የማየው ልስላሴውን ነው። ያጠራጠራችሁን ነቀዝ ያለ ርኅራኄ ጣሉት፤ ከሁለቱም ወገን ጥቂቶቹን ደግሞ ሆዳቸውን ከፍታችሁ በብልታቸው አረጋግጡ። እዚህ ላይ የተደባለቀን ናሙና ምንም ዓይነት ውድ ማሽን አያቃናውም።

አንቴናውን በቀጭን ወረንጦ ከሥሩ ንቀሉ። ጫፉ ላይ ያለችው እብጥ ያለች ክፍል እንዳትቀር፤ ማሽተቻ ፀጉሮቹ በብዛት ያሉት እሷ ላይ ነው። የአንድ ነቀዝ አንቴና ስለማይበቃ የብዙዎቹን አጠራቅሙ፤ ለየጾታው ቢያንስ 3 የተለያዩ ስብስቦች ይኑሩ። አንዱን ስብስብ ሦስት ጊዜ ማሽን ውስጥ ማስገባት ሦስት ናሙና አይሆንም! የምንለካው አር ኤን ኤን፣ ማለትም ጂኑ ሲሠራ የሚወጣውን ቅጂ ነው፤ እንዳይበላሽ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ከሌለ የአር ኤን ኤ ማቆያ ፈሳሽ ይበቃል።

አር ኤን ኤ ማውጣቱና ወደ ሲዲኤንኤ (የአር ኤን ኤው የዲኤንኤ ግልባጭ) መቀየሩ የኪቱን መመሪያ መከተል ነው። የዲኤንኤ ማጽጃውን ግን አትዝለሉ። ማነጻጸሪያ ጂን (መጠኑ ስለማይለዋወጥ ሌሎቹ የሚለኩበት) ሁለት ይሁን፤ በሁለቱም ጾታ እኩል መሥራታቸውንም አስቀድማችሁ ፈትሹ። ኦርኮ የተባለውን ጂንም ጨምሩ፤ የብዙዎቹ የሽታ ተቀባዮች አጋር ስለሆነ ከእግር ይልቅ አንቴና ላይ ጎልቶ ካልታየ አንድ ችግር አለ።

ማሽኑ የሚሰጠው ቁጥር ምልክቱ የታየበት ዙር ነው፤ ውጤቱን ስታነቡ ትንሹ ቁጥር ጂኑ በርትቶ ይሠራል ማለት ነው። ከማነጻጸሪያው ጋር ከተስተካከለ በኋላ የ1 ዙር ልዩነት እጥፍ ገደማ፣ የ3 ዙር ደግሞ 8 እጥፍ ገደማ ነው።

አንድ ጂን በሴቷ በዛ ብላችሁ «የወንድ ሽታ መለያ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ወንዱ የሚያመነጨው ፌሮሞን (መጥሪያ ሽታ) ሴቶቹንም ወንዶቹንም ይስባል። ጂኑ እንቁላል የሚጣልበትን ፍሬ መምረጫም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ጂኑን አዳክሞ ነቀዟ ወዴት እንደምትሄድ ማየት ያስፈልጋል።