ውስጡ የተጎዳ ወላጅ አካል ጉዳተኛ ልጁን ይዞ ሲመጣ እንዴት እንርዳው

ሀዋሳ ላይ ፊዚዮቴራፒ መስራት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ይሄን የምፅፈው ለነርሶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች፣ ለመምህራንና ለሶሻል ወርከሮች ነው፣ ግን ዘመድም ጎረቤትም ቢያነበው ይጠቅመዋል። አንዲት እናት ነበረች፣ ሶስት ቀጠሮ በተከታታይ ቀረች፣ በአራተኛው ስትመጣ "ልጅሽ እንዲሻለው አትፈልጊም እንዴ?" አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፣ ልጇን አዝላ ወጣች። በኋላ ነው የገባኝ፣ ወደኛ ክፍል የሚወስደው ኮሪደር በማዋለጃው በኩል ነው የሚያልፈው፣ እሷ ደሞ ሁለት ቀን አምጣ ልትሞት የነበረው እዛ ነው፣ እና በሩ ጋ ስትደርስ እግሯ አልሄድ ይላታል።

መጀመሪያ የምታዩት ነገር ምን እንደሆነ እወቁ። ልጇ በሌሊት ሲንቀጠቀጥ ሞተብኝ ብላ የጮኸች፣ ወይ መተላለፊያ ላይ ቆማ በሁለት ደቂቃ "ይሄ ልጅ አይሄድም" የተባለች እናት፣ ነገሩ ካለፈም በኋላ ሰውነቷ ገና እዛው ነው ያለው። እንቅልፍ የላትም፣ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፣ ስታናግሯት ፍዝዝ ትላለች፣ ወይ በትንሽ ነገር ትቆጣለች፣ እኛ ደሞ "ግዴለሽ ናት" ብለን ካርዱ ላይ ባንፅፍም በአይናችን እናሳያታለን። ይሄ ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ኑሮዋን ካወከ ፒቲኤስዲ (ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጤና ችግር) ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይያት። "አለፈ እኮ፣ እርሺው" ግን አትበሏት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ዛሬ ማታም ሊጥለው ይችላል፣ ለሷ ገና አላለፈም።

ቀጥሎ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ታሪኩን ደጋግማችሁ አታስነግሯት። ከይርጋለም ወይ ከአለታ ወንዶ በሌሊት ተነስታ የመጣች እናት ካርድ ክፍል ትናገራለች፣ ለነርሷ ትናገራለች፣ ለሀኪሙ፣ ለተማሪዎቹ፣ ለኔ፣ ከዛ ለሶሻል ወርከሩ፣ በአንድ ቀን ስድስቴ ያንን ምጥ ታምጣለች ማለት ነው። መፍትሄው አንድ ገፅ ወረቀት ነው። አንዴ፣ በር ተዘግቶ፣ በፈቃዷ፣ የልጁን የልደት ሁኔታ፣ ምርመራውን፣ መድሀኒቱን፣ ምን እንደሚያረጋጋውና ምን እንደሚያስለቅሰው፣ እሷን ራሷን ምን እንደሚከብዳት ፅፋችሁ አንዱን ካርዱ ውስጥ አንዱን ለሷ ስጧት። እንዳይፃፍ የፈለገችው አይፃፍ፣ ባሏ ጥሏት ከሄደ የላብራቶሪ ሰው ይሄን ማወቅ የለበትም። ሲዳምኛ ብቻ የምትናገር ከሆነች ደሞ አብራ የመጣችውን የአስር አመት ልጇን አስተርጓሚ አታድርጉ፣ ያቺ ህፃን የእናቷን ምጥ በራሷ አፍ መናገር የለባትም፣ ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ጥሩ።

ክፍል ስትገባ እናንተም ቁጭ በሉ። "የማሙሽ እናት" ከማለት ስሟን ጠይቁና በሱ ጥሯት። ስለበሽታው ከመጠየቃችሁ በፊት ልጁ ምን እንደሚወድ ጠይቋት፣ ብዙዎቹ ይሄን የጠየቃቸው ሰው የለም፣ ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ። ልጁን ከመንካታችሁ በፊት ምን ልታደርጉ እንደሆነ ንገሯት። "አይዞሽ" ጥሩ ቃል ነው ግን ጊዜ አለው፣ ገና ሳትጨርስ ካላችኋት ዝም በይ ማለት ይሆናል፣ "ለበጎ ነው" ደሞ ከናንተ አፍ ባይወጣ ይሻላል።

መሀል ላይ ብትንቀጠቀጥ ወይ አይኗ ቢፈዝ ጥያቄውን አቁሙ። እግሯን መሬት ላይ ታሳርፍ፣ ውሃ ስጧት፣ ውጪ የምትሰማውን ትንገራችሁ፣ የባጃጅ ጥሩምባውን፣ የሰዉን ወሬ፣ ትንፋሿን ቀስ ብላ ረዘም አድርጋ ታውጣ። የሆነውን አንድ በአንድ አስዘርዝሮ "እንዲወጣላት" ማድረግን የአለም ጤና ድርጅትም አይመክርም፣ ድንጋጤው በደረሰ በመጀመሪያው ወር ለእናትየዋ ዳያዜፓም (ማረጋጊያ መድሀኒት) መስጠትንም እንደዛው።

ከዛ ጥፋተኝነቱ ይመጣል። "በኔ ምክንያት ነው?" ስትላችሁ ቶሎ "አይደለም" ብላችሁ አትዝጉት፣ እሷ ምን እንደምታስብ ጠይቁ። እርግማን ተብላ ይሆናል፣ ቡዳ ተብላ፣ ወይ አማቷ "በኛ ዘር የለም" ብላት ይሆናል። ሰምታችሁ ስትጨርሱ እውነቱን በቀላል አማርኛ አስረዷት። ሴሬብራል ፓልሲ (የልጁን እንቅስቃሴና አቋም የሚያውክ ችግር) ከሆነ አእምሮው እያደገ ባለበት ሰአት፣ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይ ከወሊድ በኋላ ባለው ጊዜ የደረሰ ጉዳት ነው፣ ብዙ ጊዜም መነሻው ይሄ ነው ማለት አይቻልም። ልጁ ስፓይና ቢፊዳ (አከርካሪው በደንብ ሳይዘጋ መወለድ) ካለበት፣ የህብረሰረሰሩ ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳን ሳታውቅ፣ ይሄን ስነግራቸው በረጅሙ የሚተነፍሱ አሉ። ኦቲዝምም ከአስተዳደግ አይመጣም። ፀበል የምትሄድ ከሆነ ምረጪ አትበሏት፣ ትሂድ፣ የሚጥል በሽታውን መድሀኒት ግን እዛ ሆና እንዳታቋርጥ አደራ በሏት፣ ድንገት ሲቋረጥ አደገኛ ነው።

የቤት ስራ ስትሰጡ አንድ ነገር ብቻ። እኔ በፊት ስምንት አይነት እንቅስቃሴ በወረቀት እሰጥ ነበር፣ ሶስት ልጅ ይዛ ውሃ የምትቀዳ ሴት መቼ ትሰራዋለች? አሁን ስታጥበው እግሩን እንዴት እንደምትዘረጋ፣ ስታበላው እንዴት እንደምታስቀምጠው ብቻ አሳያለሁ። የአለም ጤና ድርጅት የእድገት ችግር ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ስልጠናም 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት አለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል፣ በጨዋታና በቤት ውስጥ ውሎ ላይ ነው የሚያተኩረው፣ ለወላጅ ለራሱም ደህንነት ቦታ አለው።

አባትየውንም ጥሩት፣ ካልመጣ ደውሉለት፣ አንዳንዶቹ የማይመጡት ማልቀስ ስለሚያፍሩ ነው። እናቶቹን እርስ በርስ ማገናኘት ከኛ ምክር በላይ ሲሰራ አይቻለሁ፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ይሆናሉ፣ ማንም ታሪኩን እንዲናገር አይገደድም።

አንድ የማይታለፍ ጥያቄ አለ። ተስፋ የቆረጠች ከመሰላችሁ "ራስሽን ማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ? ልጁንስ ይዘሽ?" ብላችሁ በግልፅ ጠይቁ። መጠየቅ ሀሳቡን አይሰጣትም። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት፣ ወረቀት ፅፎ ሂጂ ማለት አይበቃም፣ እጇን ይዛችሁ ሳይካትሪ ክፍል ድረስ አድርሷት፣ ልጁን ደሞ የሚይዝ ሰው ፈልጉ።

ቀጠሮ ከቀረች በዛው ቀን ደውሉ፣ "ለምን ቀረሽ" ሳይሆን "ሰላም ናችሁ? ሳላያችሁ ስቀር አሰብኳችሁ" በሉ። ለዛች እናት እንዲህ ብዬ ነው የደወልኩት፣ ይቅርታም ጠየኳት፣ በጓሮ በር እንድትገባ ተስማማን፣ ማክሰኞ ጠዋት ወረፋ ሳይበዛ። አሁን ካርዷ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ከላይ "በጓሮ በር" ተብሎ ተፅፏል፣ እኔ ባልኖርም ተረኛው አይቶ ይከፍትላታል።