ዲቢቲ የሚሰጥ ባለሙያ ስትፈልጉ በቅድሚያ በስልክ አጣሩ

አዲስ አበባ ዳር ካለው ቱሉ ዲምቱ እስከ መሃል ከተማ በታክሲ መመላለስ ግማሽ ቀን ስለሚበላ፣ ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ ወይም በአጭሩ ዲቢቲ የተባለውን፣ በውይይትና በክህሎት ትምህርት የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና የምትፈልጉ ሰዎች ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ እንድታጣሩ እመክራለሁ። ሕክምናውን የቀረጸችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊነሃን ስትሆን፣ መጀመሪያ የታሰበው ራስን የመጉዳትና የማጥፋት ሐሳብ ለሚመላለስባቸው ሰዎች ነው። ሙሉው ሕክምና በየሳምንቱ ከባለሙያ ጋር በግል የሚደረግ ውይይትን፣ በቡድን የሚሰጥ የክህሎት ትምህርትን፣ በጭንቅ ሰዓት በስልክ የሚገኝ እገዛንና ባለሙያዎቹ እርስ በርስ የሚመካከሩበትን ስብሰባ ያጠቃልላል።

ስለዚህ «ዲቢቲ ትሰጣላችሁ?» ብሎ ማቆም በቂ አይደለም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ «አዎ» ማለት ቀላል ነውና። ይልቁንም የክህሎት ቡድን መኖሩን፣ በቀጠሮዎች መካከል መደወል መቻሉን፣ ስሜትንና ራስን የመጉዳት ግፊትን በየቀኑ የሚመዘግቡበት ካርድ መሰጠቱን ጠይቁ። እኔ ለሁለት ባለሙያዎች ደውዬ ስለ ካርዱ ስጠይቅ አንደኛው ርዕሱን ለወጠ፤ ሌላዋ ግን ቡድን እንደሌላት፣ ሆኖም ስሜትን የመግራትና ጭንቀትን የመቋቋም ክህሎቶችን በግል እንደምታስተምር፣ ካርዱንም በአማርኛ አዘጋጅታ እንደምትሰጥ በግልጽ ነገረችኝ። እኔ የመረጥኩት ሁለተኛዋን ነው። ከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ከቀጠሮዎቹ ጥቂቶቹ በቪዲዮ ሊሆኑ ይችሉ እንደሆነ መጠየቅም አይከፋም።

ራሱን ሊጎዳ የተቃረበ ሰው ካለ ግን ፍለጋው ይቆይ፤ ብቻውን ሳትተዉት በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።