ፈረሱም ይኸው ባሕሩም ይኸው፦ በባሕር ዳርቻ በፈረስ ለመሄድ ለምታስቡ

ፎቶውን ሁላችንም አይተነዋል። ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ልትጠልቅ ያዘቀዘቀች ጀምበር፣ ውሃውን እየረጨ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ባዶ እግሯን የሆነች ሴት። ፎቶው ላይ የማይታየው ሴትዮዋ በማግስቱ እንዴት እንደተራመደች ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ቁምጣ ለብሼ ሄጄ የጭኔ ውስጥ ቆዳ ተልጦ፣ ላዩ ላይ የባሕር ጨው ገብቶበት፣ ሦስት ቀን እግሬን ከፍቼ ስለሄድኩ ነው ይህን የምለው።

ያም ሆኖ ሂዱ። ፈረስ ላይ ወጥታችሁ የማታውቁም ብትሆኑ ሂዱ። ብቻ የዚህ ነገር ማማርም መበላሸትም በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ኮርቻ ላይ ሳትወጡ ነው፤ የማወራውም ስለዚያ ይበዛል።

ከባሕሩ በፊት ፈረሱን እዩት

ብዙ ሰው የፈረስ ጉዞውን አዘጋጅ የሚመርጠው በፎቶው ነው። እኔ የምመርጠው በፈረሱ ጀርባ ነው። ከቻላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈረሶቹ የቆሙበት ቦታ ድረስ ሄዳችሁ እዩ። ጥላ አላቸው? ንጹህ ውሃ አጠገባቸው አለ? የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ ይቆጠራል? ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ፣ ሆዳቸው ስር ማሰሪያው የሚያልፍበትና ልጓሙ የሚነካው የአፋቸው ጠርዝ ላይ ቁስል ካያችሁ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተመለሱ። ሲሄድ አንድ የፊት እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ራሱን ቀና የሚያደርግ ፈረስ ብዙ ጊዜ እያነከሰ ነው። የተጎዳ ፈረስ ማሳዘኑ አንድ ነገር ሆኖ ለእናንተም ጥሩ አይደለም፤ የሚያመው ፈረስ ይሰናከላል፣ ይነክሳል፣ ይራገጣል።

ስትደውሉ ክብደታችሁን ከጠየቋችሁ አትቀየሙ፣ እንዲያውም ደስ ይበላችሁ። ብዙ ባለሙያዎች የሚስማሙበት ልክ ፈረስ ከራሱ ክብደት 20 በመቶ በላይ እንዳይሸከም ነው፣ ኮርቻውም ተደምሮ። 400 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 80 ኪሎ ማለት ነው። ኮርቻው 10 ኪሎ ከወሰደ ለእናንተ የሚቀራችሁ 70 ነው። አሸዋ ላይ መሄድ ደግሞ ከደረቅ መሬት ይልቅ ያደክማል፣ ሙቀቱም አለ። ስለዚህ ስንት ትመዝናላችሁ፣ ከዚህ በፊት ጋልባችኋል ወይ፣ ወገባችሁን ወይ ጉልበታችሁን ያማችኋል ወይ ብሎ የሚያደርቃችሁ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ምንም ሳይጠይቅ «ኑ ብቻ!» የሚላችሁን እኔ እፈራዋለሁ።

እናንተም ጠይቁ። አንድ መሪ ስንት ሰው ይዞ ይወጣል? ሄልሜት አላችሁ? ፈረሱ በቀን ስንት ጊዜ ይወጣል? ጀማሪና ልምድ ያለው ሰው አብረው ነው የሚሄዱት? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች ግን ብዙ ነገር ታበላሻለች። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ከፊት ያለው ከሮጠ ከኋላ ያለው እናንተን አያማክርም። የጉዞ ኢንሹራንስ ካላችሁም ውሉን አንብቡት፣ አንዳንዱ የፈረስ ግልቢያን አይሸፍንም። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም የጀርባ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ ደግሞ ይህን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

እና እባካችሁ አትዋሹ። «ትጋልባለህ?» ሲሉኝ ልጅ ሆኜ ሁለት ሦስቴ የተቀመጥኩበትን ቆጥሬ «አዎ፣ ደህና እጋልባለሁ» አልኩ። በደህና ጋላቢ ደንብ የሚሰጠውን ፈረስ ሰጡኝ። ከባሕሩ የማስታውሰው ነገር የለም፤ የማስታውሰው ሁለት እጄን ሙሉ የጨበጥኩትን ጋማ ነው። ጀማሪ ነኝ ያለ ሰው አሮጌና ጨዋ ፈረስ ይሰጠዋል። ከዚያ የተሻለ ዕድል የለም።

ሰዓቱን ባሕሩ ነው የሚወስነው

ባሕር በአብዛኛው ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ጓደኛችሁ በሄደችበት ሰዓት ሄዳችሁ ያን የመሰለ ሰፊ ዳርቻ ላታገኙ ትችላላችሁ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል።

ይህ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ውሃው በቅርብ የለቀቀው እርጥብ አሸዋ ጠንከር ያለ ስለሆነ ለፈረስ እግር ይመቻል። ከላይ ያለው ደረቅ አሸዋ ግን ሰኮናውን ይውጠዋል፣ ጅማቱን ያስጨንቀዋል። ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ከወጣችሁ የሚቀራችሁ ደረቁ ብቻ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በብዙ ሞቃት ዳርቻዎች የባሕር ኤሊዎች እንቁላላቸውን የሚቀብሩት እዚያው ውሃ የማይደርስበት ደረቅ አሸዋ ውስጥ ነው፣ እስኪፈለፈልም ሁለት ወር ገደማ ይቆያል። ከላይ ምንም አይታይም። ፈረስ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ «ባሕሩ ሲጎድል ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ቀጠሮውን በዚያ አስይዙ።

ከዚያ ውጭ ማለዳ ምረጡ። ፈረሶቹ አልደከሙም፣ አሸዋው አልጋለም፣ ዳርቻውም ላይ ሰው የለም። የጀምበር መጥለቂያው በእርግጥ ያምራል፤ ግን ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ይጨልማል። ጉዞው ቀደም ብሎ መጀመሩን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ የመመለሻውን መንገድ የሚያየው ፈረሱ ብቻ ይሆናል።

ምን ልልበስ?

ረጅም ሱሪ። ቁምጣ የለም፣ እርጥብ የዋና ልብስ ደግሞ በፍጹም። ከሱሪም ቢሆን እግር ውስጥ ወፍራም ስፌት የሌለው፣ ሳብ ሳብ የሚል ጨርቅ ይሻላል። ጂንስ ለግማሽ ሰዓት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ስፌቱ ራሱ ቢላ ነው። ጫማው ድፍን ሆኖ ትንሽ ተረከዝ ያለው ይሁን። ተረከዙ ለውበት አይደለም፤ እግራችሁ እርካቡ ውስጥ ሾልኮ እንዳይገባ ይይዘዋል። ከፈረስ ሲወድቁ እግር እርካብ ውስጥ ተቀርቅሮ መጎተትን የመሰለ ክፉ ነገር የለም። ነጠላ ጫማ እንግዲህ እርሱት።

ሄልሜቱን አድርጉ። አሸዋ ነው ለስላሳ ነው አትበሉ፣ እርጥብ አሸዋ እንደ አስፋልት ነው። የሚውለበለብ ሻርፕና ሰፊ ባርኔጣ ፈረስ ያስደነግጣል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ስትቀቡ አንገታችሁን ከኋላና የእጃችሁን ጀርባ አትርሱ፤ ዛብ (ከልጓሙ የሚመጣውን መምሪያ ገመድ) ይዛችሁ ስትሄዱ ያለ እረፍት ፀሐይ የሚመታው እጃችሁ ነው። ስልካችሁን ዚፕ ያለው ኪስ ውስጥ ክተቱ። ፎቶ ፈረሱ ቆሞ ሳለ መሪው ያንሳችሁ።

ከላይ ስትሆኑ

ፈረስ ዓይኖቹ ወደ ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል ማለት ይቻላል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ትንሽ ቦታና ከጭራው በስተኋላ ያለውን ነው። በጎን በኩል፣ ወደ ትከሻው፣ እያወራችሁ ቅረቡት። በተለምዶ የሚወጣው በግራ ነው። መወጣጫ ካለ ተጠቀሙበት፣ ለፈረሱ ወገብም ጥሩ ነው። ቀኝ እግራችሁን ስታሻግሩ ዳሌውን እንዳትመቱት፣ ስትቀመጡም ዱብ አትበሉበት።

እርካብ ውስጥ የሚገባው የእግር ፊተኛው ክፍል ብቻ ነው፣ ተረከዝ ወደ ታች። ትከሻችሁን ልቀቁት። ስትፈሩ ጋማውን ወይም የኮርቻውን ፊት ያዙ እንጂ ዛቡን አትጎትቱ። ዛቡ የተያያዘው ከአፉ ጋር ነው፣ ሚዛን መጠበቂያ ገመድ አይደለም። እጃችሁ ላይም አትጠምጥሙት።

በእርምጃ አንድ ፈረስ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ለመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። «ግማሽ ቀን» የሚለውን ፓኬጅ የሚገዛ ጀማሪ ሁለተኛው ሰዓት ላይ መሬት መሬት እያየ ነው የሚሄደው። ሶምሶማ ላይ ሲገባ ትነጥራላችሁ፣ ሁሉም ሰው ይነጥራል። እርካቡ ላይ ትንሽ ክብደት ጥላችሁ ከኮርቻው ከፍ ማለት ያግዛል። ግልቢያ ከሶምሶማ ይልቅ ይመቻል፣ ይህ እውነት ነው፤ ችግሩ መቆሙ ላይ ነው። ስለዚህ መሪው ካላለ አትጋልቡ፣ በተለይ ወደ ቤት ስትመለሱ። ፈረስ ወደ ማደሪያው ሲዞር ያለ ጉትጎታም ይፈጥናል።

ከፊታችሁ ካለው ፈረስ ቢያንስ የአንድ ፈረስ ርዝመት ያህል ራቁ። መሪውን አትቅደሙ። ዳርቻው ላይ የፀሐይ ጃንጥላ፣ ካይት፣ የሚሮጥ ውሻ ስታዩ ቀድማችሁ ተዘጋጁ፤ የእናንተ ፈረስ ለምዶት ይሆናል፣ ግን ነፋስ ገልብጦ የሚያንከባልለው ጃንጥላ ብዙ የለመደ ፈረስ አስደንብሯል። ጆሮውን ተመልከቱ። ወደ ፊት የቆመ ጆሮ አንድ ነገር አይቷል ማለት ነው። ወደ ኋላ ከራሱ ጋር የተለጠፈ ጆሮ ግን ተቆጥቷል፣ ምናልባት ከአጠገቡ ባለው ፈረስ ላይ ነው፤ አርቁት።

ውሃ ውስጥ

ማዕበሉ ተመልሶ ሲሸሽ ወደ ታች ካያችሁ አሸዋው ራሱ የሚንሸራተት ይመስላችኋል፣ ራስም ያዞራል። አድማሱን እዩ። አሁን የምነግራችሁን ግን ያዙልኝ፦ ፈረሱ ቆሞ አንገቱን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጎ በፊት እግሩ ውሃውን መዛቅ፣ መምታት ከጀመረ፣ እየተጫወተ ነው ብላችሁ እንዳትስቁ። ሊተኛና ሊንከባለል ያስብ ይሆናል፣ እናንተ ላዩ ላይ መሆናችሁ ብዙም አያሳስበው። ቶሎ ራሱን ወደ ላይ አንሱት፣ በእግራችሁ ሁለቱንም ጎን ጫን ብላችሁ ወደ ፊት አስኪዱት። መሪውንም ጥሩ።

አንዳንድ ቦታ ፈረሱ እስኪዋኝ ድረስ ይገባል። ይህ ከሆነ ኮርቻው መውረድ አለበት፤ ጨው ቆዳውን ይበላዋል፣ እርካቡም እግር ያጠምዳል። ያለ ኮርቻ፣ ጋማውን ይዛችሁ፣ እግሩ መሬት ሲለቅ ሰውነታችሁን በውሃው ላይ ልቀቁት። አንገቱን አትሳቡት፣ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይገባል። ጎን ለጎን ከተንሳፈፋችሁ ከእግሮቹ ራቁ፣ ሲዋኝ በኃይል ነው የሚወራጨው። ራሳችሁ መዋኘት የማትችሉ ከሆነ ጉልበቱ ድረስ ያለው ውሃ ይበቃችኋል፣ ማንም ቢገፋፋችሁ እንቢ በሉ።

ስትወርዱ መጀመሪያ ሁለቱንም እግር ከእርካብ አውጡ። ሁለቱንም! ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ፣ ቀኝ እግርን አሻግሮ ቀስ ብሎ መንሸራተት ነው። ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ውረዱ፣ እግራችሁ ለትንሽ ጊዜ የእናንተ አይመስልም። ፈረሱም በንጹህ ውሃ ጨውን መታጠብና መጠጣት አለበት፤ ባለቤቶቹ ያንን ሲያደርጉ ቆማችሁ ብታዩ፣ ብታግዙም ደስ ይላቸዋል። ሱሪያችሁን ደግሞ እዚያው ቀን ዘፍዝፉት። የፈረስ ላብና የባሕር ጨው አንድ ላይ ሻንጣ ውስጥ ካደሩ ሽታው ከሻንጣው አይወጣም፣ የእኔ እስካሁን አልወጣም።