የቲቢ፣ የፈንገስና የጥገኛ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን በጾም ወቅት እንዴት መስጠት እንደሚቻል

የክኒኑ ቁጥር በማዘዣው ላይ ተጽፎ ይመጣል፤ ታማሚው መቼና ምን በልቶ እንደሚውጠው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገረው ይቀራል። ጎጃም ውስጥ በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት እንደታዘብኩት፣ መድኃኒቱ በቂ ሆኖ ሳለ ሕክምናው የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ታማሚውን መመዘን ያስፈልጋል። የቲቢ መድኃኒት መጠን በክብደት ስለሚወሰን ጋቢውን፣ ጫማውንና ዱላውን አስቀምጦ ይመዘን፤ ክብደቱ በሁለት መደቦች ድንበር ላይ ላለ ሰው ጋቢው ብቻውን የክኒኑን ቁጥር ሊለውጥ ይችላል።

ቀጥሎ ስለ ጉበት ሕመም፣ ስለ እርግዝና፣ ስለሚወሰዱ ሌሎች መድኃኒቶችና ስለ መጠጥ ይጠየቃል። «መጠጥ ትጠጣለህ?» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ጠላን እንደ መጠጥ የማይቆጥር ብዙ ስለሆነ፣ ጠላንም አረቄንም በስማቸው ጠርቶ መጠየቅ ይሻላል። ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን የሚዋጠውን የእርግዝና መከላከያ ኃይል ስለሚቀንስ፣ ክኒን የምትወስድ ሴት ሌላ ዘዴ እንድትመርጥ ትመከራለች።

አስቸጋሪው የምግቡ ጉዳይ ነው። ሪፋምፒሲንና ሌላው የቲቢ መድኃኒት አይሶኒያዚድ በባዶ ሆድ፣ ማለትም ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ሲወሰዱ በደንብ ይሠራሉ። ይህ ለጾመኛ የሚመች ይመስላል፤ ዳሩ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ክኒኑን የሚያወርድበትን ውኃ እንኳ ጾም መግደፊያ አድርጎ ያየዋል። ከታማሚው ጋር መከራከር ዋጋ የለውም፤ ለሕመምተኛ የተፈቀደ መሆኑን የንስሐ አባቱ ቢነግሩት ይሰማል። ይህም ካልተሳካ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በውኃ ውጦ ምግቡን አንድ ሰዓት ያቆየው። ማቅለሽለሽ ለሚበረታበት ሰው ትንሽ ምግብ ቀምሶ መውሰድ መድኃኒቱን ከማቋረጥ እጅግ ይሻላል።

ለቆረቆር የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን በተቃራኒው ቅባት ይፈልጋል። ወተትና ቅቤ በሌለበት በጾም ወቅት፣ በኑግ ዘይት ከተሠራ ወጥ፣ ከለውዝ ወይም ከአቮካዶ ጋር ይሰጥ፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። የወባው ኮአርተምም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ስለሚዋጥና ወባ ጊዜ ስለማይሰጥ፣ እዚህ ላይ የጾሙን ሰዓት መጠበቅ ፈጽሞ አይገባም። በጣና ዙሪያ ለሚታየው ቢልሃርዝያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴልም ከምግብ ጋር ነው፤ እጅግ መራራ በመሆኑ ሳያኝኩ ቶሎ በብዙ ውኃ መዋጥ፣ ማዞር ስለሚያስከትልም በዕለቱና በማግስቱ ከመንዳት መቆጠብ ያስፈልጋል።

ሽንት፣ እንባና ላብ ብርቱካናማ መሆናቸውን መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት መንገር ይገባል፤ ይህ የሪፋምፒሲን ቀለም እንጂ ጉዳት አይደለም። የዓይን ነጭ ቢጫ መሆን ግን የጉበት ምልክት ነውና፣ ታማሚውን ወደ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ብርሃን ማየት ያሻል፤ በኩራዝም ሆነ በአምፖል ብርሃን ቢጫነቱ ያመልጣል። ቢጫ ከታየ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ኢታምቡቶል የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃተው፣ ለምሳሌ የቀላ በርበሬን ከቃሪያ ካልለየ፣ እንዲሁ ሳይዘገይ ይመርመር። አይሶኒያዚድ የሚያስከትለውን የእጅና የእግር መደንዘዝ በቫይታሚን ቢ6 ይከላከሉታል።

ለሳምንት ክኒን መደርደሪያ የሚሸጡትን የፕላስቲክ ሳጥኖች አልወዳቸውም፤ ክኒኑ ከእሽጉ ሲወጣ እርጥበት ያገኘዋል። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ሰው ባለበት እየዋጡ ምልክት ማድረግ ይበልጣል።

መደበኛው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር በአራት መድኃኒት፣ አራት ወር በሁለት። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርድ ታማሚ ሳል ስለተወው ብቻ እንዳያቋርጥ፣ ከመሄዱ በፊት የዝውውር ወረቀትና ለመንገድ የሚበቃ ክኒን ይያዝ፤ ሁለተኛው ወር ሲያልቅ የሚደረገው የአክታ ምርመራም እዚያው በሚቀበለው ጤና ጣቢያ እንዲደረግለት በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።