በትልቅ መሥሪያ ቤት የመረጃ ሥርዓት አርክቴክቸር ሥራን እንዴት እንጀምር?

ሥራው በመሥሪያ ቤቱ ያሉት የኮምፒውተር ሲስተሞች የትኞቹ እንደሆኑ፣ መረጃ እንዴት እንደሚለዋወጡና መረጃው የማን እንደሆነ ለይቶ መልክ ማስያዝ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ቅርንጫፍ ባለው ድርጅት ስንጀምረው ያነበብነው ቶጋፍን (TOGAF)፣ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀውን የአሠራር መመሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ ጥሩ ማዕቀፍ ነው። ሙሉውን እንተግብር ካላችሁ ግን ዓመቱ በሰነድ ያልቃል። የሚጠቅማችሁን ብቻ ውሰዱ።

መጀመሪያ ከበላይ ኃላፊ የተፈረመ ደብዳቤ ያዙ። ያለዚያ ማንም ክፍል በሩን አይከፍትላችሁም።

ቀጥሎ ሲስተሞቹን መዝግቡ። ውድ ሶፍትዌር አትግዙ፣ ኤክሴል ይበቃል። የሲስተሙ ስም፣ የሚጠቀምበት ክፍል፣ ከማን መረጃ እንደሚቀበል፣ ለማን እንደሚሰጥ። ጥያቄውን በኢሜይል አትላኩ። ታቦር ያለው ቅርንጫፍ ድረስም ቢሆን ባጃጅ ይዛችሁ ሂዱና ከሠራተኛው ጎን ተቀመጡ። እኔ በኢሜይል ጠይቄ «ማንም አይጠቀምበትም» የተባለ አሮጌ ሰርቨር አስዘጋሁ። ለካ ደመወዝ የምትሠራው ባልደረባችን የትርፍ ሰዓቱን ዝርዝር በየወሩ የምታወጣው ከእሱ ነበር። የዚያ ወር ደመወዝ ዘገየ። የቤት ኪራይ የደረሰባቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከባዱ ሥራ አሁን ይመጣል፤ እያንዳንዱ መረጃ የማን ነው? የሰው ኃይል ክፍል «ፀሐይ» ብሎ የጻፋትን ሠራተኛ ፋይናንስ «ጸሀይ» ይላታል። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናት። የትውልድ ዘመኗ አንዱ ጋ 1960፣ ሌላው ጋ 1968 ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አቆጣጠሩ ካልተጻፈ ሰው ያለጊዜው ጡረታ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መረጃ አንድ ባለቤት ይሰየም። ስምና ትውልድ የሰው ኃይል ነው፤ ሌላው ከዚያ ይወስዳል እንጂ አያርምም። ሲስተሞቹን የሚያገናኘው ስም ሳይሆን የሠራተኛው መለያ ቁጥር ይሁን። ቀኑ አጠገብ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ።

ክፍሎቹ በቀላሉ እሺ አይሉም። የእኛ ፋይናንስ ለሁለት ወር አሻፈረኝ አለ። ስብሰባ፣ ደብዳቤ፣ ምንም አልሠራም። በመጨረሻ ሁለቱን ኃላፊዎች አንድ ጠረጴዛ አስቀምጠን የአንዲቱን ሠራተኛ ፋይል በሁለት ስክሪን ጎን ለጎን ከፈትን። በዚያው ቀን ተስማሙ።

ሲስተም ሲገዛም ስፔሲፊኬሽኑን (ሲስተሙ ማሟላት ያለበትን ዝርዝር) ጨረታ ሳይወጣ እዩት፤ ከወጣ በኋላ የሚሰጥ አስተያየት ሰሚ የለውም። እኛ አሁን አቅራቢው ውሉ ሲያልቅ ዳታችንን በሚነበብ ፎርማት እንደሚያስረክብ ካልተጻፈ አንፈርምም።