በእርግዝና መጀመሪያ ሆድሽን ካመመሽ ቀጠሮ አትጠብቂ

አሜሪካ ገብተሽ ብዙም ሳትቆዪ ካረገዝሽ፣ ክሊኒክ ስትደውዪ የመጀመሪያው ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ነው የሚሰጥሽ። ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ነው ምልክት የሚያሳየው።

ፅንሱ ማህፀን ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በአብዛኛው በማህፀን ቱቦ ውስጥ። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ፅንሱ ሲያድግ ሊፈነዳና ደም ሆድ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ከ100 እርግዝና 1 ወይም 2 ላይ ያጋጥማል። ቀደም ሲል የቱቦ ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ሕክምና የነበራት ሴት ይበልጥ ትጋለጣለች። ምንም ምክንያት ያልተገኘላቸውም ብዙ ናቸው፤ ራስሽን አትውቀሺ።

እኔን የሚያሳስበኝ ችለን ዝም የማለት ልማዳችን ነው። ታችኛው ሆድ በአንድ ጎን ሲወጋ «ጨጓራዬ ነው»፣ ሲያዞረን «ጾሙ ነው»፣ ትንሽ ደም ሲታይ «የወር አበባዬ ነው» እንላለን። የትከሻ ጫፍ ሲያም ደግሞ ዌርሀውስ ዕቃ ስታነሳ የዋለች ሴት በሥራው ታሳብባለች። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ግን ሕመሙ ትከሻ ላይ ሊሰማ ይችላል። የወር አበባሽ ቀርቶ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ዛሬውኑ ኢመርጀንሲ ሂጂ። ሕመሙ ከጠናብሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ 911 ይደወል።

ኢንሹራንስ የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ። በ1986 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት የሆስፒታል ኢመርጀንሲ ክፍል ኢንሹራንስም ሆነ የመኖሪያ ወረቀት ባይኖርሽም መርምሮ ከአደጋ ሊያወጣሽ ይገባል። ቢል በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ እዚያው ሳለሽ ሶሻል ወርከር አናግሪና ስለ ኢመርጀንሲ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የድንገተኛ ሕክምና ወጪ ስለሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም ጠይቂ።

የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ነፃ ነው። ዘመድ ሲያስተረጉም አፍረሽ የምትደብቂው ነገር ይኖራል። የመጨረሻ የወር አበባሽን ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈሽ ያዢ። «መስከረም 5» ብለሽ ሴፕቴምበር 5 ተብሎ ከተጻፈ 10 ቀን ይዛባል፤ በዚህ ጊዜ 10 ቀን ብዙ ነው።

የእርግዝና ሆርሞን የሚለካውን የደም ምርመራ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደግሙታል። ደህና ነኝ ብለሽ አትቅሪ፤ ሆርሞኑ እንዴት እንደሚጨምር የሚታየው ያኔ ነው። አልትራሳውንዱ በብልት በኩል ሊሆን ይችላል፤ ሴት ባለሙያ ብትፈልጊ ጠይቂ።

ፅንሱን ወደ ማህፀን መመለስ አይቻልም። ቶሎ ከተደረሰበት ሜቶትሬክሴት የሚባል መርፌ ሊበቃ ይችላል፤ ካልሆነ ቀዶ ሕክምና ነው። መርፌውን ከወሰድሽ ሐኪም እስኪፈቅድልሽ ፎሊክ አሲድ አትውሰጂ፣ ለሦስት ወር ያህልም አታርግዢ። አንድ ቱቦ ቢወጣም በሌላው ማርገዝ ይቻላል። በሚቀጥለው እርግዝና ግን ገና እንዳወቅሽ ደውለሽ ይህን ታሪክ ንገሪያቸው፤ አልትራሳውንዱን ቀደም አድርገው ያዙልሻል።