ያለ ሥራ የሚጮኸው ኮምፕሬሰር

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከባድ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር የጎሚስታ ሥራ አለን። ማንም ጎማ ሳያስነፋ ኮምፕሬሰሩ (አየር አምቆ ጋን ውስጥ የሚሞላው ማሽን) ራሱ እየተነሣ ያጓራ ነበር። ወንድሜ «አርጅቷል፣ አዲስ እንግዛ» አለ። እኔ ግን አየር የሚያፈስ ቦታ አለ ብዬ ጠረጠርኩ፤ አየሩ ካፈሰሰ የጋኑ ግፊት ይወርድና ማሽኑ ራሱ ይነሣል። አዲሱም ቢሆን በሚያፈስ መስመር ላይ ከተገጠመ ያው ነው።

ማታ ሥራ ሲያልቅ ጋኑን ሞልተን፣ ማንም አየር ሳይወስድ፣ ኮምፕሬሰሩ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራና ስንት እንደሚያርፍ በሰዓት ያዝን። የሠራበት ጊዜ ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። 2 ደቂቃ ሠርቶ 6 ካረፈ፣ ማምረት ከሚችለው አየር 25 በመቶው በከንቱ ይወጣል ማለት ነው። የእኛ ከዚያም ይብስ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሳሙና አረፋ በብሩሽ እየቀቡ መፈለግ ነው። ቱቦው ራሱ ደህና ነበር፤ የሚያፈሰው በመጋጠሚያዎቹና ከጋኑ ሥር ባለው፣ ከአየሩ እርጥበት የሚጠራቀመው ውሃ በሚወጣበት ቫልቭ ነው። ያንን ቫልቭ ማንም አይጠረጥረውም፤ ውሃ ለማፍሰስ ይከፈትና ዝገት ይዞት በደንብ ሳይዘጋ ይቀራል። ቀየርነው፤ የመጋጠሚያዎቹን ጥርስ በቴፍሎን ጠቀለልን፤ ማሰሪያዎቹን አጠበቅን። ከመፍታት በፊት ግን የኮምፕሬሰሩን ኤሌክትሪክ አጥፍቶ አየሩን ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ግፊቱን አልቀነስንም፤ የከባድ መኪና ጎማ 8 ባር ገደማ ይፈልጋል። የቤት መኪና ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ቢቀንስ ያተርፋል።

ለውጡ ይበልጥ የታየው መብራት ሲጠፋ ነው። ጄኔሬተሩን የሚያስጨንቀው የኮምፕሬሰሩ መነሣት ነበርና፣ አሁን ናፍጣውም ጭሱም ቀንሷል።